ድንክ ታራንቱላን በቤት ስለ ማኖር

የአንድ ቤት ጌታ ደግነት የሚታወቀው ለእንግዳ በሚያቀርበው ማዕድ ብቻ አይደለም፤ አፍ ለሌለው እንስሳ በሚያደርገው ጥንቃቄም ጭምር ነው። በቅሎውን ሳያጠጣ ራሱ የሚጠጣ መንገደኛ በአባቶቻችን ዘንድ አይመሰገንም ነበር። ላም ለወተት፣ በሬ ለእርሻ፣ ውሻ ለጥበቃ፣ ድመት ለአይጥ ይኖራሉ፤ የሚበሉትንም በሥራቸው ይከፍላሉ። በዚህ ዘመን ግን ሥራ ሠርቶ የማይከፍል፣ ስሙን ሲጠሩት የማይመጣ፣ ጌታውን ከግድግዳ ለይቶ የማያውቅ አንድ ትንሽ ፍጥረት በብዙ አገር ሰዎች ቤት ገብቶ ተቀምጧል። እርሱም ታራንቱላ የሚባለው ባለ ጠጕር ሸረሪት ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እመቤት፤ 13 ዓመት የሆነው ልጃቸው ከእነዚህ ሸረሪቶች ድንክ የሆነውን ካልገዛችሁልኝ እያለ እንዳስቸገራቸው ነግረውን፤ «አባቱ በቤቴ ሸረሪት አይገባም ይላሉ፤ ልጁ ደግሞ ያነበበውን እየጠቀሰ ይከራከራል፤ እኔ በመካከል ምን ልበል?» ሲሉ ጠየቁን። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ፤ መልሱ ለአንባቢ ሁሉ እንዲሆን በዚህ ገጽ እንጽፈዋለን።

በመጀመሪያ ታራንቱላ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ስሙ የተገኘው በደቡብ ኢጣልያ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በዚያ አገር በሜዳ እየሮጠ የሚያድን አንድ ሸረሪት አለ፤ የነከሰው ሰው ካልጨፈረ አይድንም ይባል ስለ ነበር፤ ሕዝቡ ከበሮ እየመታ በሽተኛውን ያስጨፍረው ነበር። ኋላ የኤውሮፓ ሰዎች ወደ አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ባለ ጠጕር ሸረሪት ስላገኙ ያንኑ ስም አወረሱት። ስለዚህ ዛሬ ታራንቱላ የሚባለው ወገንና የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት የሆነው የታራንቶው ሸረሪት የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከዚህ ወገን ትልቁ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ እግሮቹ ሲዘረጉ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ድንክ የሚባሉት ግን ብዙዎቹ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናቸው። በትሪኒዳድ ደሴትና በቬኔዙዌላ የሚኖረው ሲርዮኮስሙስ የሚባለው ሆዱ እንደ ነብር የተሸነታተረ ነው። በኮሎምቢያ የሚገኘው ሃፓሎፑስ ደግሞ በጥቁር ሆዱ ላይ ብርቱካንማ ነቁጥ አለው። በእኛው በምሥራቅ አፍሪካም በታንዛንያ ሄቴሮቴሌ የሚባል ድንክ ይገኛል። ሰዎች እነዚህን የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቦታ አይፈጁም፤ አይጮኹም፤ አይሸቱም፤ መልካቸውም እንደ ጌጥ ያምራል።

አሁን ወደ አኗኗሩ እንግባ። ላደገ ድንክ ታራንቱላ ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ሣጥን ይበቃዋል። ብዙዎቹ ድንኮች ጕድጓድ ቆፋሪዎች ስለ ሆኑ፤ ከሣጥኑ ሥር ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ያልነካው፣ ጥቂት የረጠበ አፈር ይደረግለታል። ቍራጭ የዛፍ ልጣጭ ለመሸሸጊያ፤ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ለውሃ መጠጫ ይሆኑታል። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከሸረሪቱ ደረት የሰፋ እንደ ሆነ ሌሊቱን ወጥቶ ያድራል፤ ሆዱ ልስልስ ስለ ሆነ ደረቱ ካለፈ ሁለንተናው ያልፋልና።

ምግቡ በሕይወት ያለ ፌንጣ ወይም ትንሽ በረሮ ነው፤ መጠኑም ከሸረሪቱ ሆድ ባይበልጥ ይሻላል። ላደገው በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። በማግሥቱ ሳይበላ የቀረ ነገር ቢገኝ በወረንጦ ማውጣት ነው። ከማድ ቤት የተያዘ በረሮ መስጠት ግን አይገባም፤ ፍሊት የነካው በረሮ ለሸረሪቱ መርዝ ይሆንበታል። ሣጥኑ ባለበት ክፍልም ፍሊት መርጨት ሸረሪቱን በገዛ እጅ መግደል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የአገራችን ደጋነት ነው። ከትሪኒዳድ ወይም ከኮሎምቢያ ቆላ የመጣ ሸረሪት የሚስማማው ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ያለ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍም ከ3000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በየካ ዳገት ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ከመስኮትና ከውጭ ግድግዳ ርቆ በውስጠኛው ክፍል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋ ሌሊት ዙሪያውን በብርድ ልብስ መክበብ፤ የክዳኑን ቀዳዳ ግን ክፍት መተው ነው። እሞቅለታለሁ ብሎ በፀሓይ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ መስታወቱ በጥቂት ጊዜ እንደ ምጣድ ይግላል። ይልቁንም ለሸረሪቱ ብሎ ከሰል አንድዶ በርና መስኮት መዝጋት ከቶ የተከለከለ ይሁን፤ የከሰል መርዝ ሸረሪቱን ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል የተኛውን ልጅ ይገድላል።

ከአኗኗሩ ሁሉ የሚያስደንቀው ቆዳውን የሚለውጥበት ቀን ነው። ሸረሪት በውስጡ አጥንት የለውም፤ ቆዳው እንደ ጥሩር ጠንክሮ ሥጋውን ይይዝለታል። ነገር ግን ጥሩር ከለባሹ ጋር አያድግም። ስለዚህ በውስጥ አዲስ ቆዳ አብጅቶ አሮጌውን አውልቆ ይጥላል። ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ቀን አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ምግብ አይቀምስም፤ የጕድጓዱን አፍ በድር ይዘጋል። ጊዜው ሲደርስም በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ ያደርጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ሊያነሣው ብሎ ይነካካዋል፤ ያን ጊዜ ሳይሞት የነበረውን በእውነት ይገድለዋል። የሞተ ሸረሪት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እግሮቹ ወደ ሆዱ ተኰራምተው ነው። ምክንያቱም ሸረሪት እግሩን የሚያጥፈው በጡንቻ ሲሆን፤ የሚዘረጋው ግን በሰውነቱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጠፋ የሚቀረው መታጠፍ ብቻ ነው።

ቆዳውን ከለወጠ በኋላም አዲሱ ቆዳና የመርዝ ጥርሱ እስኪጠነክሩ ድረስ ሳምንት ያህል ምግብ አይሰጠውም። በዚያ ጊዜ የገባ ፌንጣ ተበይ መሆኑ ቀርቶ በላተኛ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ እግር የተቈረጠበት እንደ ሆነ ግን ቆዳውን በለወጠ ጊዜ አዲስ እግር ያበቅላል። እንግዲህ በዚያ ቀን ጥሩ ጠባቂ የሚባለው አንዳች ነገር የማያደርግ ነው። የሚወዱትን ነገር በጭንቅ ጊዜው ሳይነኩ መጠበቅ ለአዋቂም የከበደ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ታላቅ ትምህርት ነው።

በሌላውም ቀን ቢሆን ይህ ፍጥረት የሚታይ እንጂ የሚዳሰስ አይደለም። የአሜሪካዎቹ ወገኖች ሲቈጡ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጠጕር ይበትናሉ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2010 በወጣ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደ ተጻፈው፤ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የሚኖር ሰው የታራንቱላውን ሣጥን ሲያጸዳ ጠጕሩ ዐይኑ ውስጥ ገብቶ፤ ሐኪሞች በትልቅ መነጽር እስኪያገኙት ድረስ ለሳምንታት ዐይኑ ቀልቶና እያነባ ተሠቃይቷል። የአፍሪካዎቹ ይህ ጠጕር የላቸውም፤ ስለዚህ ለመናከስ ይፈጥናሉ። ንክሻቸው ሰውን ባይገድልም ያማል፤ ያሳብጣልም። ሸረሪቱ ራሱ ደግሞ ከሰው የበለጠ ተጐጂ ነው፤ ከእጅ ላይ ወደ ወለል የወደቀ እንደ ሆነ ልስልሱ ሆዱ ተሰንጥቆ ይሞታል። ስለዚህ ማዛወር ቢያስፈልግ በላዩ ላይ ብርጭቆ ደፍቶ ከሥሩ ወረቀት ማሳለፍ፤ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

የዕድሜው ነገርም ሊታሰብ ይገባዋል። ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቈይም፤ ሴቲቱ ግን ብዙ ዓመት ትኖራለች። ከትልልቆቹ ወገን በሜክሲኮ የምትገኘው ጕልበቷ ቀይ የሆነው ሴት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ድንኮቹ ዕድሜያቸው ከዚህ ቢያንስም በዓመታት የሚቈጠር ነው። የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆነች አንዲት ጕድጓድ ቆፋሪ ሸረሪት፤ በምዕራብ አውስትራልያ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1974 ጀምሮ ባርባራ ዮርክ ሜይን የሚባሉት ሊቅ ቍጥር 16 ብለው ሲከታተሏት ኖራ፤ በ2016 በ43 ዓመቷ በተርብ ምክንያት መሞቷ ተጽፏል። የእመቤቲቱ ልጅ ዛሬ 13 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄደ ጊዜ ሣጥኑ ለማን ይቀራል? ለእናቲቱ ነውን? ወይስ ሸረሪት ባየች ቍጥር ለምትደነግጠው የቤት ሠራተኛ? ይህ ከመግዛት በፊት በማዕድ ዙሪያ ሊመከርበት የሚገባ ነገር ነው፤ አባት እሺ ያላለበት፣ ሠራተኛዪቱም ያልተስማማችበት ሸረሪት አንድ ቀን በመጥረጊያ መሞቱ አይቀርም።

ከዚህም በላይ የመንግሥት ሕግ አለ። አገራችን በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በዋሺንግተን የተፈረመው፣ ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ላይ የሚደረገውን ንግድ የሚቈጣጠረው ስምምነት አባል ናት። ከላይ ያነሣናት የሜክሲኮዋ ሸረሪት ወገንና በህንድና በስሪ ላንካ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ታራንቱላዎች በዚያ ስምምነት መዝገብ ገብተዋል። በአገር ውስጥም በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ወጥቷል። ስለዚህ ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ሸረሪት በሻንጣው ደብቆ እንዲያመጣ መጠየቅ፤ ለልጅ ስጦታ ሳይሆን የሕግ መተላለፍን ትምህርት መስጠት ነው። ማስገባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

የሰለቹትንም ሸረሪት በጓሮ ወይም በእንጦጦ ዱር መልቀቅ አይገባም። ወይ በብርድ ይሞታል፤ ወይ ደግሞ የአገሩን ፍጥረት ይሻማል። እንግዳ ነገር አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ መመለሱ እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ የእንጦጦ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ለከተማይቱ ማገዶና ማገር ሆኖ ጠቅሟታል፤ ነገር ግን ተራራውን ስለ ወረሰው፤ ዛሬ በእርሱ ቦታ ጽዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን መልሶ ለመትከል ብዙ ድካም ይደከማል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው እኛን ከአባትየው ጋር የወገንን ይመስለው ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በቤታችን ሸረሪት የምትታየው እንደ ጠላት ነው። በቃል ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን እናመሰግናታለን፤ በግዕዝ ሳሬት ተብላም በዳዊት በ89ኛው መዝሙር ለዕድሜያችን አጭርነት ምሳሌ ሆናለች፤ በእጃችን ግን በመጥረጊያ እንከተላታለን። ይልቁንም አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን ሕመም ብዙ ሰው የሸረሪት ሽንት ነው ይላል። ነገሩ ግን ከሸረሪት ጋር ግንኙነት የለውም፤ በልጅነት የያዘን የጉድፍ በሽታ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጕልበት ሲደክም የሚቀሰቅሰው ሕመም ነው። የሐኪም መድኃኒት የሚጠቅመው ውኃ የቋጠረው ሽፍታ በታየ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በሸረሪት እያመካኘ ቅጠል ሲቀባ የሰነበተ ሰው ያ ጊዜ ያልፈዋል፤ በዐይን አጠገብ የወጣበት እንደ ሆነም ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ሸረሪትን በትክክል ማወቅ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ጤና ነው። ልጁ ሸረሪትን ለማወቅ መመኘቱም የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ታዲያ ምኞቱ እንዴት ይፈጸም? እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። ኦራትስዮ አንቲኖሪ የሚባሉት የኢጣልያ አሳሽ፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ቦታ ተሰጥቷቸው፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1882 በዚያው እስኪሞቱ ድረስ የአገሩን አዕዋፍና እንስሳት ሲሰበስቡ ኖሩ። በተከታዩ ዓመት በ1883 ፒየትሮ ፓቬዚ የሚባሉ ሊቅ ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶች የጻፉት ጥናት በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት ታተመ። የባሕር ማዶ ሰዎች የሸዋን ሸረሪት ለማየት ያን ያህል ደክመው ሳለ፤ በሸዋ ምድር የተወለደ ልጅ የትሪኒዳድን ሸረሪት እንጂ የአጥሩን ሳያውቅ ማደጉ የሚያሳዝን ነው።

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። የታራንቱላ ስም የመጀመሪያ ባለቤት የሆነው የታራንቶ ሸረሪት፤ ሊቃውንት የተኵላ ሸረሪት ከሚሉት ወገን ነው። ይህ ወገን በአገራችንም በሣር ሜዳና በአጥር ሥር ይኖራል፤ ድር አይዘረጋም፤ እንደ ተኵላ እየሮጠ ያድናል። ልጁ ከዝናብ በኋላ በምሽት ባትሪ በግንባሩ ትክክል ይዞ ወደ ሣሩ ቢመለከት፤ ዐይኖቹ እንደ ጤዛ ሲያብለጨልጩ ያገኘዋል። እንግዲህ በስም ካየነው እውነተኛው ድንክ ታራንቱላ በየካ አጥር ሥር አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ለእመቤቲቱ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ልጁ አንድ የተኵላ ሸረሪት በብርጭቆና በወረቀት ይያዝ እንጂ በእጁ አይያዝ። አፈርና ቅጠል ባለበት ሰፊ የመስታወት ዕቃ ያኑረው፤ ክዳኑን ይብሳው፤ ውሃ በቆርኪ ያኑርለት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትንሽ ዝንብ ወይም ትንሽ ፌንጣ ይስጠው። የአገሩ ፍጥረት ስለ ሆነ የየካ ብርድ አያስፈራውም። የበላበትን፣ ያልበላበትንና ቆዳውን የለወጠበትን ቀን በደብተር ይጻፍ። ሴት ሆና የዕንቍላሏን ከረጢት ከኋላዋ አስራ የምትጐትት ብትሆንማ ዕድለኛ ነው፤ ልጆቿ ሲፈለፈሉ በጀርባዋ ላይ ተሸካክማቸው ስትዞር ያያል። ይህን ያየ ልጅ ሸረሪትን እንደ ቀድሞው በጫማው አይረግጣትም። ልጆቿ ከጀርባዋ መውረድ ሲጀምሩ ግን ሁሉንም ወደ አጥሩ መልሶ ይልቀቃቸው፤ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ይባላሉና።

ሁለት ወር ሙሉ ሳያስታውሱት የመገበ፣ ሳይነካ የተመለከተ፣ በጊዜውም የለቀቀ ልጅ ለሩቁ እንግዳ የተዘጋጀ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አባትየው ደብተሩን አንብበው፤ ፈቃድና ቦታ ተሟልቶ እንደ ሆነ በቤተ ሰብ ምክር ይወስኑ። በሁለተኛው ሳምንት የሰለቸ ልጅ ግን በደጅ ያለውን የሁለት ወር እንግዳ ያላስተናገደ የብዙ ዓመቱን አያስተናግድም፤ ቤቱም ከብዙ ወጪና ከአንድ ነፍስ ዕዳ ድኗል።

ውሻ ሲራብ ይጮኻል፤ ድመት እግር ሥር ትልከሰከሳለች፤ ሸረሪት ግን ቢራብም ቢጠማም ዝም ነው። ጠባቂው ቢረሳው የሚከስሰው፣ ቢያስታውሰውም የሚያመሰግነው የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፍጥረት ለልጃቸው የሚፈቅዱ ወላጆች በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሣጥኑን ራሳቸው ይመልከቱ፤ ውሃው ካለ፣ አፈሩ ካልደረቀ፣ ክዳኑም ከተዘጋ ልጁ ማንም ሳያየው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።